‹ተቀበል!› ሲሉህ

ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የሚሠሩ ወጣት ሙዚቀኞች ‹ጋሼ፣ እናንተ በደርግ ጊዜ እንዴት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት?› እያሉ ይጠይቁኛል። በቃል ስመልስ ነገሩ ቁርጥራጭ ስለሚሆንብኝ እዚህ ላስፍረው። እኔ የማውቀው ባቲን ነው። ክራር እየደረደርኩ ያደግሁትም፣ ቀበሌ ኪነት፣ ማለትም የቀበሌው የዘፈንና የጭፈራ ቡድን ውስጥ የገባሁትም፣ የሠርግ ገንዘብ በልቼ የኖርኩትም እዚያ ነው። አዲስ አበባ የነበሩት ትልልቆቹ ያዩትን እነሱ ይናገሩ። የትንሽ ከተማ ሙዚቀኛ ጣጣው ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ ትልቅ ከተማ ላይ ሳንሱር ቢሮ ነበረው፤ ማመልከቻ ታስገባለህ፣ ወይ ማኅተም ይመታልሃል ወይ ትከለከላለህ። ትንሽ ከተማ ላይ ሳንሱሩ ጎረቤትህ ነው። ጠዋት እናትህ ለቡና የጠራችው ሰው ማታ ግጥምህን ይመዝናል።

ባቲን ለማያውቅ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ አፋሩን ከነግመሉ፣ ኦሮሞውን ከነከብቱ፣ አማራውን ከነእህሉ ያገናኛል። ሰኞ ማታ ጠጅ ቤት የገባ አዝማሪ በሦስት ቋንቋ ካልቀለደ ራቱን አያገኝም ነበር። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በከተማዋ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ የባቲ ልጅ ቅኝት ሲያበላሽ ማንም አይምረውም። ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ሙዚቃ አዋቂ የሆነበት ከተማ ላይ ወታደርም ቢሆን ሙዚቀኛን ጨርሶ ዝም ለማሰኘት ይቸገራል።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ሲያወርድ ጠጅ ቤቱ እንደነበረ ቀጠለ። ነገር የተለወጠው ቀበሌ ሲመጣ ነው። ትርፍ ቤት ሐምሌ ላይ ተወረሰ፣ ከተወረሱት ቤቶች አንዱ አዳራሽ ሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ኪነት ተቋቋመ። ‹ልግባ ወይስ አልግባ?› የሚለው ጥያቄ ያኔ መጣ። ዛሬ ስሙ የባህል ቡድን ወይም የወጣቶች ክበብ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆነ ይህ አለቃው ዘፈን የሚፈልገው ለበዓሉ ነው። እኔ ገባሁ። አብሮኝ ክራር የተማረ ጓደኛዬ አልገባም አለ፤ ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ልብስ ስፌት ተማረ፣ በእንጀራው አደረ። ማናችንም አላጠፋንም ብዬ አምናለሁ። የገባ ሰው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያገኝ ግን አስቀድሞ ይወቅ።

የምትሰጠው ጊዜህን ነው። መስከረም 2፣ ሜይ ደይ፣ ሰልፍ፣ ስብሰባ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ ሁሉም ላይ ካኪህን ለብሰህ ትቆማለህ። የምታገኘው ግን ቀላል አልነበረም። የመለማመጃ ቦታ፣ በግልህ ልትገዛው የማትችለው አኮርዲዮን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረቀት። ከቀበሌ መሸኛ ሳይዙ መንገድ መውጣት በማይሞከርበት ጊዜ የኪነት አባል ለውድድር እያለ እስከ ደሴ ይሄድ ነበር። ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር እያጣሩ ይወስዱን ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችበት የወሎው ላሊበላ ኪነት ደሴ ስለነበር፣ እሱን በቅርብ ማየት ለእኛ ትምህርት ቤት እንደመግባት ነበር። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ደግሞ አፈሳ ሲመጣ የኪነት መታወቂያ አንዳንድ ልጅ አትርፏል። ሁሉንም አላተረፈም።

ኪነት ከገባህ ልብ ብለህ ስማኝ፤ የሰው ስም አትዝፈን። ስለ አገር፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ማሽላ፣ ስለ ድንበር የፈለጉትን ያህል ዝፈንላቸው። ስም ግን ይነክሳል። የደርግ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 1967 ተገደሉ። ተከታያቸው ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ደግሞ ጥር 1969 ተገደሉ። ትናንት ስማቸውን በዜማ ጠርተህ የተጨበጨበልህ ሰዎች በማግስቱ በሬዲዮ ከሃዲ ሲባሉ፣ ግጥሙ ያለበት ደብተር አንተ ቤት ነው ያለው። በየከተማው ያሉት ትንንሾቹ ሹሞችም እንዲሁ ነበሩ፤ ዛሬ አሳሪ፣ ነገ ታሳሪ። ‹የኛን ጓድ ስም ለምን አላነሳችሁም?› ሲባል የእኛ መልስ አንድ ነበር፦ ‹ጓድ፣ አብዮቱ የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ግለሰብ ማወደስ አይሆንም ብላችሁ አስተምራችሁን የለ?› በራሳቸው ትምህርት ሲመለስላቸው ምንም ማለት አይችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ጠጅ ቤቱ። እንግዳው ‹ተቀበል!› ይላል፣ ሁለት መስመር ግጥም ይወረውራል፣ አንተ በዜማህ ትደግመዋለህ። ደግ ዘመን ሲሆን ግጥሙ የእንግዳው፣ ድምፁ ያንተ ነው፣ ሁሉም ይስቃል። በወታደር ዘመን ግን ግጥሙ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የወጣው ካንተ አፍ ነው። ሰካራሙ ጠዋት ምንም አያስታውስም፣ ጥግ ላይ ብርሌውን ይዞ የተቀመጠው ግን አንዲት ቃል አትጠፋውም።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ማሲንቆ መቺ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ ያስለመዱኝ መግቢያውን ማስረዘም ነው። ገና ሳትዘፍን ክራሩን እየደረደርክ ቤቱን ትዞራለህ፤ ማን ከማን ጋር ተቀምጧል፣ ማን እየጠጣ ነው፣ ማን ብርሌውን ይዞ ሳይጠጣ ቆይቷል። የማይጠጣውን ሰው ፊት ሳታይ ግጥም አትቀበልም። ቀጥሎ ያስተማሩኝ መስመር መቁረጥ ነው። አንድ ቀን በገበያ ማግስት አንዱ ገበሬ ሞቅ ብሎት እንዲህ ብሎ ወረወረ፦

‹ማሽላው ቢያፈራ ወፍ በላው በሙሉ፣
ካኪ የለበሰ ወፍም አለ አሉ።›

ቤቱ ጭጭ አለ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን መስመር ተቀበሉ፣ ደገሙት፣ ሦስተኛ ጊዜም አስረዝመው አዜሙት፤ ማሲንቋቸውን አንድ ዙር ገዝግዘው ሁለተኛውን መስመር ከራሳቸው አወጡ፦

‹እስቲ ልጆች ውጡ ወንጭፍ ያዙ ሁሉ።›

ሳቅ ሆነ፣ ጠጅ ተቀዳ፣ ገበሬውም ተነሥቶ እስክስታውን አስነካው። ወንጭፉ በማን ላይ እንደሆነ እሳቸውም አልተናገሩ፣ እኛም አልጠየቅናቸው። የመጀመሪያው መስመር ቤት የሚመታበትን ድምፅ ይዘህ ለማንኛውም የሚሆን መዝጊያ አስቀድመህ በአእምሮህ ማከማቸት አለብህ። በ‹ሉ›፣ በ‹ና›፣ በ‹ው›፣ በ‹ሽ› የሚያልቁ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ እናት የሆኑ መዝጊያዎች። ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠና ነገር ነው፣ በጠጅ ቤት አይፈጠርም።

አስቸጋሪው ‹ተቀበል!› ባዩ ሽጉጥ የታጠቀ ሲሆን ነው። ሰክሯል፣ ማዶ የተቀመጠውን ሰው የሚሰድብ ግጥም ይሰጥሃል። ብትቀበል ከሰውዬው ጋር ተጣላህ፣ ባትቀበል ከሽጉጡ ጋር። እንዲህ ያለውን ሰው ሽለላ አስገባለት። ምቱን ለውጥና ድምፅህን ከፍ አድርገህ ‹ዘራፍ!› በልለት። የሰከረ መኮንን ግጥም ከማቀበል ይልቅ ራሱ መፎከር ይወዳል፤ ተነሥቶ ሲፎክር የሚናገረው ሁሉ የራሱ ይሆናል፣ አንተ ታጅባለህ እንጂ አትናገርም። ያም ካልሆነ የክራር አምላክ ይርዳህ፦ ‹ጌታዬ፣ ቅኝቱ ወረደብኝ› ትልና ጎንበስ ብለህ መቃኘት ትጀምራለህ። ክራር መቃኘት የፈለግኸውን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ የማያውቅ ሰው አይከራከርህም።

በወረቀት የሚቀርበው ግጥም ሌላ ሥራ ነው። በዓል ሲደርስ የኪነቱ ግጥም ለቅስቀሳ ኃላፊው ይቀርባል። በግልጽ ጽሑፍ አንድ ንጹህ ቅጂ ስጥ፣ የሰጠኸውንም ብቻ ዝፈን፤ ረቂቅ ቤት አታስቀምጥ። የተሰረዘ ቃል ካልተሰረዘው ይበልጥ ያስጠይቃል፣ ‹ለምን ሰረዝከው?› ይሉሃል። አንድ ጊዜ ከሰጠኋቸው ውስጥ ይህቺ ነበረችበት፦

‹እንዳልመጣ ማታ መንገዱ ተዘጋ፣
ጠብቂኝ የኔ ዓለም ሌሊቱ እስኪነጋ።›

ኃላፊው ብዕሩን ሌሊቱ ላይ አስቀምጦ ‹ይሄ ሌሊት ማነው?› አለኝ። ‹ሰዓት እላፊ ነው ጓድ፣ ወጣቱ ሰዓት እላፊ እንዲያከብር የሚመክር ነው› አልኩት። ትንሽ አሰበና ፈረመ። እውነቱን ለመናገር ስጽፈው በልቤ የነበረው ልጅቷ ናት። ሕዝቡ ግን ‹እስኪነጋ› ላይ ሲደርስ አብሮኝ እየጮኸ ይዘፍነው ስለነበር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሴ ተውኩት። ሕዝብ ከሚገባው በላይ ከወደደልህ አሳርፈው። ዘፈኑ የትም አይሄድም።

ስለ ሰዓት እላፊ ካነሳሁ አይቀር፣ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ቀደም ብሎ መጨረስ ወይም ማንጋት። ‹ትንሽ ብናመሽ ምን አለ› የሚል ሚዜ ሁሌም አለ፤ ኬላ ላይ ግን አብሮህ አይቆምም። ድግሱ የሚያነጋ ከሆነ ራትና መኝታ አስቀድመህ ተነጋገር፣ ገንዘብህን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ተቀበል፣ ድምፅህን ለጎህ አስቀምጥ። መጀመሪያ ላይ በትዝታና በአምባሰል ቀስ እያልክ፣ ጭፈራውን ሰዉ እንቅልፍ ሲያዳፋው አምጣው። መሣሪያህን ይዘህ በጨለማ አትንቀሳቀስ። በጋቢ የተጠቀለለ ማሲንቆ ከሩቅ ጠመንጃ ይመስላል። ዘቡም እንዳንተው ፈሪ ነው፤ የሚፈራ ሰው ቶሎ ይተኩሳል። የእኛ መሣሪያዎች የሚያድሩት ሠርጉ ቤት ነበር፣ ጠዋት ልጅ ልከን እናስመጣለን።

ሴት ድምፃውያን ላይ የነበረው ፈተና ከእኛ የባሰ ነው። ‹ሻለቃው እንግዳ መጥቶባቸዋል፣ ያቺ ልጅ መጥታ ትዝፈንላቸው› የሚል መልእክት ማታ ማታ ይመጣል። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ብቻዋን መስደድም አይቻልም። እኛ ያደረግነው ሁላችንም መሄድ ነበር፤ ከበሮው፣ ዋሽንቱ፣ ተወዛዋዡ፣ ከሁሉም ጋር የልጅቷ አክስት። ‹ያለ ጓዶቿ ድምፅ አይወጣላትም› እንላለን። እንግዳው ቅር ይለው ይሆናል፣ ግን አሥር ሰው ፊት ምን ያደርጋል? ሴት ልጅ ያለበት ቡድን የምትመራ ከሆነ ይህን ሕግ ገና ከመጀመሪያው አውጣው፣ ጥሪው ሲመጣ አትጨነቅበትም።

ወታደር ሁሉ ካድሬ እንዳይመስልህ። በአሰብ መንገድ የሚያልፈው ጦር ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ከጎጃም፣ ከሲዳማ፣ ከአርሲ የመጡ ልጆች ናቸው። ለበዓል የተዘጋጀውን ‹ፋኖ ተሰማራ› መሰል ዘፈን አይጠይቁህም፤ የሚጠይቁህ ትዝታ ነው፣ ደግሞም የየአገራቸውን ዘፈን። የአገሩን ዘፈን ያወቅህለት ወታደር ኬላ ላይ ያስታውስሃል። እኔ የየክፍለ ሀገሩን አንዳንድ ዜማ የያዝኩት ከሬዲዮ ሳይሆን ከእነሱ ነው፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው ያዜሙልኛል፣ እኔ በክራር እከተላለሁ። ለሹም ከመዝፈን ይልቅ ለእነዚህ ልጆች መዝፈን አይከብደኝም ነበር።

ዕቃ የምናገኘው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። አሰብ ወደብ ስለሆነ ባትሪ፣ ባዶ ካሴት፣ ለክራር የሚሆን የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ሳይቀር ያወርዱልናል። ጅማት ያረጀበት ክራሬ የዳነው በዚያ ናይለን ነው፤ ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል እንጂ ዝናብ አይፈራም። ባትሪ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ሁለት ሦስት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል። ባዶ ካሴት ሲጠፋ በገበያ የወጣ ካሴት ጀርባ ላይ ያለችውን የተሰበረች ጥርስ ቦታ በወረቀት እንደፍንና በላዩ እንቀዳበታለን። ስንት የሚያምር ዘፈን በራሳችን ልምምድ አጥፍተናል መሰለህ። ኋላ ግን ያቺ ልምምድ የቀረችን ብቸኛ ማስረጃ ሆነች፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስለ 1977 ብዙ መጻፍ ይከብደኛል። በዚያ መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር። እኛም ለበዓሉ ተለማመዱ ተብለን አዳራሽ ውስጥ ስንጨፍር በመስኮቱ በኩል በመንገዱ ዳር የሚጎተተው ሕዝብ ይታየናል። ኋላ ባቲ ላይ ከኮረም ጋር ስሙ የሚነሳው ትልቁ የተረጂዎች መጠለያ ተከፈተ። በበዓሉ ቀን ዘፈንን፤ ዘፈንን ከማለት ይልቅ አፋችንን ከፈትን ብል ይሻላል። ከዚያ በኋላ ባልተነገረ ስምምነት ከተማው ውስጥ ሠርግም ጭፈራም ቆመ። የኪነቱ ልጆች ውኃ ስንቀዳ፣ ሬሳ ስንቀብር ከረምን። ሽማግሌው ማሲንቆ መቺ ማሲንቋቸውን ይዘው መጠለያው ዳር ይቀመጡና ለሕፃናት ብቻ ይጫወቱ ነበር። ማንም ‹በረሃብ መካከል ሙዚቃ!› ብሎ አልተቆጣቸውም። ከሹሞቹ አንዱ የረሃቡን ዘፈን እንድንጽፍ፣ ግን ረሃብ የሚለው ቃል እንዳይገባበት ነግሮን ነበር። ‹ድርቅ› በሉ ተባልን። ያንን ዘፈን ሳንጽፈው ጊዜው አለፈ፤ ‹እየሠራንበት ነው ጓድ› እያልን አቆየነው። ‹እየሠራንበት ነው› የምትለዋን መልስ ያዝ፣ እምቢ ሳትል እምቢ ትልልሃለች።

ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ኪነቱም አብሮ ወደቀ። አዳራሹ ተዘረፈ፣ አኮርዲዮኑ የት እንደገባ አይታወቅም፣ የአባላት መዝገብም ዶሴውም ጠፋ። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ያን ሁሉ ዓመት ስንሠራ ጡረታ የለን፣ የሥራ ልምድ ወረቀት የለን፣ ዘፈኑ የኛ ለመሆኑ ምስክር የለን። የኪነት ግጥም ‹የሕዝብ ነው› እየተባለ የደራሲ ስም አይጻፍበትም ነበር። ከዓመታት በኋላ እኔ የደረስኩት ዜማ በሌላ ሰው ካሴት ‹የሕዝብ› ተብሎ ወጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ሲወጣ የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንደሚጠበቅ ተነገረን። ደስ አለን፣ ግን በምን እናስረዳ? ያዳነኝ ያ በላዩ የቀዳንበት የልምምድ ካሴት ነው። መሃሉ ላይ እኔ ግጥሙን ስሳሳት፣ ከበሮ መቺው በስሜ ጠርቶ ሲስቅብኝ፣ ሽማግሌው ‹ልጄ፣ የራስህን ግጥም ትረሳለህ?› ሲሉ ይሰማል። አሳታሚው ያንን ከሰማ በኋላ ሳንካሰስ ተስማማን።

ስለዚህ ዛሬ የምትሠሩ ልጆች፣ የቡድን ሥራ ቢሆንም ማን ግጥሙን፣ ማን ዜማውን እንደሠራ፣ ቀኑንም ጨምራችሁ በድምፃችሁ ተናግራችሁ ቅዱ። የመድረኩን ሳይሆን የልምምዱን ቅዱ፣ ክርክሩና ሳቁ ያለበትን። ስልክ በኬላ የሚፈተሽበት ቦታ ከሆናችሁ ቅጂው ስልካችሁ ላይ አይደር፤ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፣ በሁለት ሰው እጅ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

የኪነት ዘመን ካሴት ቤታችሁ ያለ የቀድሞ አባላትም አላችሁ። እባካችሁ ዝም ብላችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት። ከረጅም ዓመት በኋላ ክሩ ስለሚጣበቅ መጀመሪያ በእስክርቢቶ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በፍጥነት አሳልፉና መልሱት፣ የማጫወቻውን ጭንቅላት በአልኮል ጥረጉ። ስታጫውቱትም ወደ ኮምፒዩተር እየቀዳችሁ ይሁን፣ ሁለተኛ ጊዜ ላይጫወት ይችላልና።